ለእንግዳ የማይነሳ ጠርሙስ

ቅዳሜ ጠዋት ከጎልማሶች ትምህርት ስመለስ አቶ ዳልጮን በግቢያቸው በር ላይ አገኘኋቸው። አገኘኋቸው ስል እግራቸውን ብቻ ነው፤ ሌላው አካላቸው መኪናቸው ሥር ነበር። በሰፈራችን በሲቀላ ያቺን አሮጌ ፒክአፕ የማያውቅ የለም። ከኩልፎ ወንዝ ዳር የእኛን የነጋዴ ሴቶቹን ሙዝ ጭና ወደ ጨንቻ ትወጣለች፣ ከጨንቻ ፖምና ድንች ጭና ትወርዳለች። አቶ ዳልጮም ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት በእሷ ነው፤ እንጀራቸውም ወሬያቸውም እሷው ናት።

እኔ ሰው መኪና ሥር ተኝቶ ሳይ ክፉ ክፉው ይታየኛል። «ጋሽ ዳልጮ! ደህና ነዎት?» ብዬ ጮህኩ።

«ገና አልሞትኩም» አሉኝ ከሥር። «ወለቴ ነሽ? ጌታ ነው ያመጣሽ። ደብተርሽን አስቀምጪና መሪው ጋ ግቢልኝ።»

«እኔ? መኪና ልነዳ?»

«ማን ንጂ አለሽ! በግራ በኩል ያለውን ፔዳል ርገጪ ስልሽ ትረግጫለሽ፣ ልቀቂ ስልሽ ትለቂያለሽ። አሞጽ ቢኖር አንቺን ባላስቸገርኩ።»

አሞጽ ረዳታቸው ነበር። ሞያሌ ሥራ አግኝቶ ሄደ። እሱ ከሄደ ወዲህ የመኪናዋ ፍሪሲዮን ታመመ። ፍሪሲዮን ማለት ማርሽ ሲቀየር ሞተሩን ለጊዜው ከማርሹ የሚያላቅቀው ክፍል ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ በቀጭን ቧንቧ ውስጥ ያለ ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱም ፍሪሲዮኑን ይገፋል። ዘይቱ መሐል አየር ከገባ ግን ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል፣ ማርሹም እንቢ ይላል። ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። የማውቀው በዚያ ሳምንት የጨንቻን ቁልቁለት ስንወርድ ማርሹ አልገባም ብሎ ሲያንቋርር፣ እኔ የበሩን እጀታ ይዤ የልጆቼን ስም እየጠራሁ ስጸልይ እንደነበር ነው።

ገብቼ ተቀመጥኩ። «ርገጪ!» አሉ፤ ረገጥኩ። «ያዢው!» አሉ፤ ያዝኩት። እሳቸው ከሥር የአየር ማስወጫውን ብሎን ሲከፍቱ ዘይቱ ጭርር ሲል ሰማሁ። «ልቀቂ!» አሉ፤ ለቀቅኩ። ጥሩ እየሄደልን ነበር። ደግሜ ረግጬ እንደያዝኩ ጋሽ ኃይለመስቀል ከዘራቸውን ይዘው ከመንገዱ ታጠፉ። ጋሽ ኃይለመስቀል የሰፈራችንን ልጆች ሁሉ ያስተማሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲመጣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነውር ነው። ብድግ አልኩ። እግሬም አብሮኝ ተነሳ።

«ወለቴ! ልቀቂ አላልኩሽም!»

«ጋሽ ኃይለመስቀል መጡ እኮ!»

«እ? ጋሼ መጡ?» አቶ ዳልጮም መፍቻውን ወርውረው፣ ብሎኑን እንደተከፈተ ትተው፣ በደረታቸው እየተሳቡ ወጡ። እጃቸው በዘይት ስለተነከረ ክንዳቸውን ዘረጉ።

«ኧረ በጌታ፣ ሥራችሁን አላስፈታችሁ» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል። ግን ሥራችን ተፈትቶ ነበር። ስለ ቤት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን፤ እሳቸውም ባርከውን ሄዱ። ስንመለስ ከመኪናዋ ሥር ዘይቱ ኩሬ ሠርቷል። ከላይ ያለው የዘይት ዕቃ ባዶ ሆኗል። ፔዳሉን ብረግጠው ወለል ላይ ወድቆ ቀረ።

አቶ ዳልጮ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«በቃኝ፣ ወለቴ። አለምሰገድ ዛሬ ከምሳ በፊት ይመጣል።»

«ደላላው? ምን ሊያደርግ?»

«ሊወስዳት ነዋ። ፈላጊ አግኝቻለሁ ብሎኛል። ሰው ሲያረጅ ረዳት ይሸሸዋል። ረዳት የሌለው ሹፌር ደግሞ ቤት ይቀመጥ።»

ደነገጥኩ። የእኛ ሙዝ በሌላ መኪናም ቢሆን ገበያ ይደርሳል፤ የደነገጥኩት ለእሳቸው ነው። ያችን መኪና ከሸጡ ጠዋት ተነስተው የሚሄዱበት የላቸውም። መሄጃ ያጣ ሽማግሌ ምን እንደሚሆን በአባቴ አይቻለሁ። እኔም አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ልጄ ኖላዊት የመጣችው እንዲህ እንደተቀመጥን ነው። ስዘገይባት ልትፈልገኝ ወጥታ ነው። ኖላዊት በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የመኪና ጥገና ትማራለች። እኔ ነርስ እንድትሆን ለምኛት ነበር፤ መኪና ሥር የምትገባ ሴት ልጅ ማሰብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

«እማ፣ ምን ሆናችሁ?» አለች፤ የሆነውን ነገርኳት። የጋሽ ኃይለመስቀልን ነገር ስትሰማ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን እንደያዘች አውቄ ገላመጥኳት።

«ጋሽ ዳልጮ» አለች በአክብሮት ዝቅ ብላ፣ «መኪናዋ እኮ የታመመችው ሽጡኝ የሚያሰኝ በሽታ አይደለም። አየር ብቻ ነው።»

«አየር መሆኑን ማን አጣው፣ ልጄ? የሚያስወጣልኝ ነው ያጣሁት። አሞጽ የለም።»

«አየር ለማስወጣት ረዳት አያስፈልግዎትም። ብቻዎን ይችላሉ።»

አቶ ዳልጮ ከሐዘናቸው መሐል ሳቁ። «ስሚ፣ እኔ መሪ ስይዝ እናትሽ ጥርስ አላወጣችም ነበር። አንዱ ከላይ ይረግጣል፣ አንዱ ከሥር ብሎን ይከፍታል ይዘጋል። እኔ ሁለት ቦታ አልገኝም። ሁለት ቦታ የሚገኝ ጌታ ብቻ ነው።»

«አሜን» አለች ኖላዊት። «ግን ልጠይቅዎት። ከሥር ያለው ሰው ለምን ቶሎ ብሎ ይዘጋል?»

«ፔዳሉ ሲመለስ አየር እንዳይስብ ነዋ! ይህንንስ ኮሌጅ አላስተማሩሽም?»

«አስተምረውኛል። የሚስበው እኮ በብሎኑ አፍ ላይ ያገኘውን ነው። አየር ካገኘ አየር ይስባል። ዘይት ቢያገኝስ?»

«ዘይት… ይስባላ» አሉ በግድ።

«በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። በብሎኑ ጫፍ ላይ ግልጽ ቱቦ እንሰካለን። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ እንነክራለን። ጠርሙሱን ከብሎኑ ከፍ አድርገን እናስራለን። ከዚያ እርስዎ ራስዎ ወንበርዎ ላይ ሆነው ቀስ ብለው ይረግጣሉ። ሲረግጡ አየሩ በቱቦው ወጥቶ ጠርሙሱ ውስጥ ይንቦቀቦቃል። ሲለቁ ተመልሶ የሚሳበው ዘይት እንጂ አየር አይደለም።»

«ቱቦና ጠርሙስ! መኪናዬን ጡጦ ላጥባት ነው?»

«ጡጦ ይበሉት። ሕፃንስ አየር የሚውጠው መቼ ነው?»

ይህን ጊዜ እኔም ገባኝና ሳላስበው ተናገርኩ። «ጡጦው ሲዘነብል ነው፣ ጋሽ ዳልጮ! ጫፉ ወተት ውስጥ እስካለ ሕፃኑ ቢስብም ቢያቆምም አየር አይገባበትም። እኔ ይችኑ ራሷን በጡጦ ነው ያሳደግኳት።»

«አንቺ ደግሞ ከማን ጋር ነሽ?» አሉኝ።

«ከእርስዎ ጋር ነኝ። ለዚህ ነው የምናገረው። ግን ኖላዊት፣ ብቻቸውን መኪና ሥር ገብተው አንድ ነገር ቢሆኑስ? ማን ይሰማቸዋል? አንቺ ሁልጊዜ ቀላል ነው ትያለሽ።»

«እማ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው» አለችኝ፤ ይህን ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። «ለዚህም መኪና ማንሻ ክሪክ አንጠቀምም። ፒክአፕዋ ከፍ ያለች ናት፣ ከጎን ሆኖ እጅ ማስገባት ይበቃል። ሜዳ ላይ እናቆማለን፣ የእጅ ፍሬን እንይዛለን፣ ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ እንደግፋለን፣ ሞተር አናስነሳም። ከሥር ያለው ሥራ ቱቦ መሰካትና ብሎኑን ትንሽ ማላላት ነው። የቀረው ወንበር ላይ ነው። ይልቅ በድሮው አሠራር ጋሽ ዳልጮ ምን ያህል ጊዜ ከሥር እንደሚቆዩ አስቢ።»

አቶ ዳልጮ ግን አልተረቱም። እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። እናንተ የተማራችሁ ሁሉን ብቻዬን ልሥራ ትላላችሁ። ሰው ግን በሰው ነው። እኔ አሞጽን ከኦቾሎ ሳመጣው ፔዳል የሚረግጥ እግር ብቻ ፈልጌ መስሎሽ ነው? አብሮኝ በልቷል፣ አብሮኝ ጸልዮአል። ረዳት ከሹፌር እየተማረ ነው ሹፌር የሚሆነው። ረዳትን በጠርሙስ የምትተካ ዓለም አልወድም።»

እውነት ለመናገር ይህ ንግግር ልቤን ነካው። ኖላዊትም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አሞጽ ብሎኑን ራሱ ከፍቶ ያውቃል?» አለች።

«ምን?»

«ያን ሁሉ ዓመት ሲረግጥ፣ አንድ ቀን ከሥር ገብቶ ያውቃል?»

አቶ ዳልጮ መሬቱን በእንጨት ጫሩ። «ካሳየሁትማ ሌላ መኪና ይዞ ይሄዳል ብዬ…»

«ሳያሳዩትም ሄደ እኮ።»

«ኖላዊት! ለትልቅ ሰው!» ብዬ ጮህኩባት።

«ተያት፣ ወለቴ። የተናገረችው እውነት ነው» አሉ። እኔ አፈርኩ፣ ልጄም አቀረቀረች። እሳቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እሺ፣ ልክ ነሽ እንበል። ግን በዚህ ዕድሜዬ አዲስ ነገር አይገባኝም። እጄ የለመደውን ነው የሚያውቀው» አሉ።

ይህ ግን የእኔ ጉዳይ ነበርና ደብተሬን ከመሬት አንስቼ አሳየኋቸው። «ጋሽ ዳልጮ፣ ይህ የእኔ ጽሑፍ ነው። እንደሚያዩት ጠማማ ነው። ባለፈው ዓመት ስልኬ ላይ መልእክት ሲመጣ ለማንበብ ልጆቼ እስኪመጡ እጠብቅ ነበር። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ለማወቅ የጎረቤት በር አንኳኳ ነበር። ሰዎቹ ደግ ናቸው፣ አንድም ቀን አልከለከሉኝም። ግን ምሥጢሬን ሁሉ ያውቃሉ፤ እነሱ ከሌሉ ደግሞ ዕውር ነኝ። አሁን ራሴ አነባለሁ። ታዲያ ከጎረቤቶቼ ጋር ተጣላሁ? አልተጣላሁም። አሁን በራቸውን የማንኳኳው ደህንነታቸውን ልጠይቅ ነው፤ ለማስቸገር አይደለም። ረዳት መውደድና ያለ ረዳት መሞት አንድ አይደሉም።»

እንዲህ ረጅም ነገር ለሽማግሌ ተናግሬ አላውቅም። አቶ ዳልጮ ግን ደብተሬን ወስደው ገጹን አዩና፣ «ይህ ‹ሙ› ነው ‹መ›?» አሉኝ።

«‹ሙ› ነው። ሙዝ።»

«አልጠመመም» አሉና መለሱልኝ። ከዚያ ተነሱ። «ቱቦው የት አለ?»

ቱቦውን ከጎረቤታችን ከግንበኛው ከጌዲዮን አገኘን፤ ግንበኞች የውሃ ልክ የሚያዩበትን ቀጭኑን ግልጽ ቱቦ ቆርጦ ሰጠን። ጠርሙሱን እኔ አጥቤ፣ ጠብታ ውሃ እንዳይቀርበት በፀሐይ አደረቅኩት፤ ኖላዊት ውሃ የዚህ ዘይት ጠላት ነው ብላኛለችና። አቶ ዳልጮ ያልተከፈተ የፍሬን ዘይት ነበራቸው፤ ለፍሪሲዮኑም የሚሆነው እሱው ነው። ቀለም ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ ከነካም ቶሎ በውሃ እንዲታጠብ ተነገረን። ዓይንም እንዲሁ።

ልጄ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆመች። «አንቺ አትሠሪም?» አልኳት በጆሮዋ።

«እኔ ከነካሁት ነገ ደግሞ እኔን ሊጠብቁ ነው» አለችኝ።

አቶ ዳልጮ ከላይ ያለውን ዕቃ ሞሉ። ከጎን ሆነው ቱቦውን ሰኩ፣ እንዳይወልቅ በሽቦ አሰሩ፣ ጠርሙሱን ከፍ አድርገው አንጠለጠሉ፣ ጫፉ ዘይት ውስጥ መሆኑን ደጋግመው አዩ። ብሎኑን በጥቂቱ ፈታ አደረጉ። ከዚያ ወጥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ በሩን ክፍት አድርገው አንገታቸውን አሾልከው ጠርሙሱን እያዩ ረገጡ። አረፋው ግር ብሎ ወጣ። «ኧረ!» አሉ። ፔዳሉ ራሱ አልመለስ ስላለ በእጃቸው ቀስ ብለው ሳቡት። በቱቦው ውስጥ ዘይት ተመለሰ፤ አየር አልተመለሰም።

«ከላይ ያለውን እያዩ፣ ጋሽ ዳልጮ፤ ባዶ ከሆነ ከላይም አየር ይገባል» አለች ኖላዊት። ወርደው ሞሉ። «ከጠርሙሱ አይሁን፤ የወጣው አረፋና ቆሻሻ አለበት። ከአዲሱ።»

እንዲህ እያልን ሳለ አለምሰገድ ደረሰ። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «ፋዘር! ሙሽራዋን አዘጋጃችሁልኝ?» እያለ ገባ። ደላላ ቢሆንም እንግዳ ነው። አቶ ዳልጮ ፔዳሉን ረግጠው እንደያዙ፣ እንደ ልማዳቸው ብድግ ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ። ወዲያውም ፊታቸው ተለዋወጠ። «ወይኔ! ተነሳሁ! ፔዳሉን ለቀቅኩት!»

እኔም «ጌታ ሆይ!» ብዬ ጮህኩ።

«ይነሱ፣ ይነሱ!» አለች ኖላዊት እየሳቀች። «ጠርሙሱ አልተነሳም።»

ሁላችንም አጎንብሰን አየን። ቱቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘይት ነው፤ አንድ አረፋ የለበትም። አቶ ዳልጮ ተንበርክከው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ አለምሰገድ ቀና ብለው፣ «ልጄ፣ እባክህ ያችን ድንጋይ ስበህ ተቀመጥ። ሳልጨርስ መልስ አልሰጥህም» አሉት።

ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ሠሩ። አረፋው ሳሳ፣ ቆየ፣ ጠፋ። ፔዳሉን ወደ ታች እንደተጫነ በወንበሩና በእሱ መሐል እንጨት ወጥረው፣ ወርደው ብሎኑን ዘጉ። እንጨቱን ሲያነሱት ፔዳሉ ራሱ ተመለሰ። ረገጡት፤ እግራቸውን ገፋ። ዕቃውን ሞልተው ክዳኑን ገጠሙ፣ ድንጋዮቹን አስነስተው ሞተሩን አስነሱ። የኋላ ማርሹን ሊያስገቡ ሲሉ እኔ ጆሮዬን ያዝኩ፤ ያን ሰሞን እሱ ነበር በጣም የሚጮኸው። ሳይጮኽ ገባ። መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደች፣ ወደ ፊት መጣች።

«አለምሰገድ» አሉ አቶ ዳልጮ በመስኮቱ፣ «ላደከምኩህ ይቅርታ። አትሸጥም።»

«ፋዘር፣ እኔ ለቀብር ነበር የመጣሁት፤ ሬሳው ተነሳ» አለና ሱሪውን አራግፎ ሄደ። ባይከፋው ጥሩ ነው ብዬ እስከ በሩ ሸኘሁት።

ኖላዊት ግን ገና አልለቀቀቻቸውም። «አየሩ ወጣ። ግን መጀመሪያ በየት ገባ? ይህን ካላወቅን ተመልሶ ይገባል» አለች። ባትሪ ይዘው ቧንቧውን ተከታተሉት፤ አንዱ መጋጠሚያ ላይ እርጥበት ተገኘ። ራሳቸው አጠበቁት። ዘይቱን በየቀኑ እንዲያዩ፣ ዳግም ከወረደ ውስጡ ያለው ማሸጊያ ጎማ አልቋል ማለት ስለሆነ ሳይለውጡ ጨንቻ እንዳይወጡ አስማለቻቸው። ልጄ እንዲህ ስትጨነቅ ሳይ፣ መጨነቅን ከእኔ እንደወረሰችው አወቅኩ። እሷ ግን በጭንቀቷ ቧንቧ ትፈትሽበታለች፤ እኔ እጀታ እይዝበት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሙዛችንን ጭነን ወጣን። ጨንቻ ገበያ ዳር ዘካሪያስ የሚባል ሹፌር ኮፈኑን ከፍቶ፣ አላፊ አግዳሚውን «አንድ ሰው ይርገጥልኝ!» እያለ ይለምናል። አቶ ዳልጮን ሲያይ ደስ አለው። «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቁበታል፤ ይርገጡልኝ።»

«አልረግጥልህም» አሉት።

«ምነው፣ ምን በደልኩ?»

«ዛሬ ብረግጥልህ ነገ ዶርዜ ዳገት ላይ ሲያቆምህ ማንን ትጠራለህ? እግር አታጣም፣ ግን እግር ሁሉ አሳብ አለው። ሰው ሲመጣ ይነሳል፣ ሲጠሩት ዞር ይላል፣ ሥራ ሲያገኝ ይሄዳል። ይህ ኃጢአት አይደለም። ና፣ ላሳይህ። ሲገባህ ደግሞ ረዳትህን ጥራውና እሱም ይይ፤ አትደብቀው።» ከወንበራቸው ሥር ቱቦውንና ጠርሙሱን አወጡ። ዘካሪያስ አልገባኝም ብሎ ሲከራከራቸው፣ እሳቸው የጡጦውን ነገር እንደ ራሳቸው አሳብ አድርገው አስረዱት። እኔም ሙዜን መደርደር ቀጠልኩ።

ከሰዓት በኋላ ድንች ጭነን ወረድን። የአባያ ሐይቅ ከታች ሲታይ፣ መንገዱ በሚታጠፍበት ላይ አቶ ዳልጮ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ማርሽ ቀነሱ። ገባ። ሞተሩ መኪናዋን ያዛት፤ ፍሬኑም አልተቃጠለም። እሳቸውም እንዲህ አሉኝ፦ «ወለቴ፣ እኔ ብቻን መሥራት ብቸኝነት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሰው የሚያስፈልገውን ራሱ መሥራት ሲችል ሰውን አይለምንም፣ አይቆጣም፣ ማንም ሲሄድበት አይረግምም። ጊዜው ይተርፈዋል። ማርሹ አይበላም። ቁልቁለት ላይ ልቡ አይርድም። የሚያውቀውንም ለሌላ ቢሰጥ አይጎድልበትም። አሞጽን ትናንት ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። ‹ጋሼ፣ ይህን ሳይነግሩኝ ለምን ከረሙ?› አለኝ። ምን ልበለው?»

«ምን አሉት?»

«‹አሁን ነገርኩህ› አልኩት።»

እናንተ የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁ ተምረው መጥተው የለመዳችሁትን ሲነኩባችሁ ቶሎ አትቆጡ። መጀመሪያ ለምን ብላችሁ ጠይቋቸው፤ እነሱም በአክብሮት ይመልሱ። ልማዳችሁን ሁሉ ጣሉ አልልም፤ እኛ ዛሬም ለጋሽ ኃይለመስቀል እንነሳለን። እኔ ኖላዊትን ነርስ ሁኚ ማለት ትቻለሁ። ጠዋት ስትወጣ ግን አሁንም፣ «ድንጋዩን ጎማው ሥር ሳታደርጊ እንዳትገቢ» እላታለሁ። እሷም «አደርጋለሁ፣ እማ» ትለኛለች፤ እንደምታደርግም አውቃለሁ።